ከሲድኒ ሳንቲያጎ፦ ርቀቱ ስንት ነው? በረራውስ በእውነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእናቴ ጋር ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ ተነስተን ወደ ቺሊ ዋና ከተማ ወደ ሳንቲያጎ በቀጥታ በረራ እንሄዳለን። ቲኬቱን ከቆረጥን ወዲህ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና በረራው የሚፈጀውን ጊዜ በትክክል ለማወቅ ብዙ ብደክምም፣ ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ እየባሰ ስለ ሄደ፣ ነገሩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ርቀቱ። ሦስት ቦታ ብመለከት ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ፦ 11,340፣ 7,046 እና 6,123። እውነተኛውን ራሴ ላግኝ ብዬ ፓስፊክ ውቅያኖስን መሀል ባደረገ የግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ አገናኝቼ በካርታው ግርጌ በተሰጠው መለኪያ ባሰላው ደግሞ ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ። ከተሞቹ በካርታው ላይ ከሞላ ጎደል በአንድ አግድም መስመር ላይ ስለሚገኙ ማስመሪያ ይህን ያህል ያሳስታል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ቲኬቱ ላይ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንደተጻፈው፣ ከሲድኒ እኩለ ቀን ላይ በ12፡00 ተነስተን ሳንቲያጎ የምንደርሰው በዚያው ዕለት በ10፡30 ነው፤ ማለትም ሳንነሳ እንደርሳለን። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ሰኞ በ13፡00 ተነስተን ሲድኒ የምንገባው ማክሰኞ በ17፡00 ነው፤ ይህ ሲቆጠር 28 ሰዓት ይሆናል። በአንድ መንገድ ላይ መሄዱና መመለሱ ይህን ያህል የሚለያዩት ለምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲሁ ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። እናቴ በየ8 ሰዓቱ ሳያዛንፉ የሚወስዱት መድኃኒት አላቸው፤ በአየር ላይ ስንት ሰዓት በእርግጥ እንደሚያልፍ ካላወቅሁ በእጅ ቦርሳ የምይዘውን መጠንና የምሰጥበትን ሰዓት መወሰን አልችልም።

ምላሽ፦ የካርታ ባለሙያ

ስለ ሦስቱ ቁጥሮች አይጨነቁ፤ ሦስቱም አንድን ርቀት የሚናገሩ ናቸው። 11,340 የተባለው ኪሎ ሜትር ነው፤ 7,046 ተራ ማይል ነው፤ 6,123 ደግሞ በአየርና በባሕር ጉዞ የሚሠራበት የባሕር ማይል ነው። አንዱ ተራ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ሲሆን የባሕር ማይል ግን 1,852 ሜትር ነው። የባሕር ማይል ልኬት የተወሰደው ከምድር ዙሪያ ነው፤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል በምድር ገጽ ላይ የሚሸፍነው ርዝመት ስለሆነ፣ አብራሪዎችና መርከበኞች ከኬክሮስ ዲግሪ ወደ ርቀት በቀላሉ ለመሻገር ይጠቀሙበታል። ቁጥሩን ያለ መለኪያው የሚጽፍ ሰው ግን አንባቢውን ያደናግራል።

ማስመሪያዎ ያሳሳትዎ በሁለት መንገድ ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው። አንደኛ፣ በካርታው ግርጌ የተሰጠው መለኪያ ልክ የሚሆነው ምድር ወገብ ላይ ነው። በምድር ወገብ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲድኒና ሳንቲያጎ በሚገኙበት በደቡብ 34 ዲግሪ ገደማ ግን ወደ 92 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ኬንትሮሶቹ ወደ ዋልታው እየተጠጋጉ ይሄዳሉና። የእርስዎ ካርታ ግን ሁሉንም እኩል ወጥሮ ይስላቸዋል። በከተሞቹ መካከል ያለው የኬንትሮስ ልዩነት 138 ዲግሪ ስለሆነ፣ ይህን ስሕተት ብቻ ብናርመው 15,300 የነበረው ወደ 12,770 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ስሕተት ረቀቅ ያለ ነው። በዚያው ኬክሮስ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ መሄድ በካርታ ላይ አጭር ይመስላል እንጂ በምድር ላይ አጭሩ መንገድ አይደለም። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጠረጴዛ ሉልና ክር ይያዝ። ክሩን ከሲድኒ እስከ ሳንቲያጎ 34ኛውን ኬክሮስ አስከትሎ በጣቱ እየተጫነ ቢዘረጋው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። አሁን ሁለቱን ጫፎች ባሉበት ይዞ መሀሉን ይልቀቅና ክሩን ይወጥረው፤ ክሩ በራሱ ወደ ደቡብ እየተንሸራተተ ወደ አንታርክቲካ ይወርዳል፣ ሲወጠርም ከ3 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ትርፍ በጣቱ መካከል ይቀራል። የተወጠረው ክር 26.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ ሉል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚወክል ርቀቱ ተመልሶ 11,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክሩ የተኛበት መስመር ታላቁ ክብ ይባላል፤ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ አካል ነው። በጉዞው መሀል ላይ እስከ ደቡብ 62 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል።

ስሌቱን በወረቀት ማረጋገጥ ለሚወድ፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፤ 0.5584 በ0.5504 ሲባዛ 0.3073 ይሰጣል። ቀጥሎ የሁለቱን ኮሳይኖች ከኬንትሮሱ ልዩነት ኮሳይን ጋር ያባዙ፤ 0.8296 በ0.8349 በኔጌቲቭ 0.7436 ሲባዛ ኔጌቲቭ 0.5150 ይሆናል። ድምራቸው ኔጌቲቭ 0.2077 ነው፤ ኮሳይኑ ይህ የሆነው አንግል 102 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 11,340 ላይ ይደርሳሉ። ምድር ፍጹም ሉል ሳትሆን በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ የምትፈጠረው ስሕተት ከግማሽ በመቶ ያህል አትበልጥም፤ ለእርስዎ ጉዳይ ከቁም ነገር የምትገባ አይደለችም።

ምላሽ፦ የበረራ ዕቅድ አዘጋጅ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ርቀቱ የመንገዱ ታናሽ ወሰን እንጂ አውሮፕላኑ የሚበርበት መንገድ አይደለም። በእኛ ሥራ የመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬ በዚያ ከፍታ ነፋሱ እንዴት ነው የሚለው ነው። አጭሩን መንገድ የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

የመንገደኛ ጀት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በድምፅ ፍጥነት 0.85 ያህል ይበርራል። በዚያ ቅዝቃዜ ይህ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ግን በዙሪያው ካለው አየር አንጻር የተለካ ፍጥነት ነው። አየሩ ራሱ ይንቀሳቀሳል። በሁለቱም ንፍቀ ክበቦች በመካከለኛ ኬክሮሶች ላይ በዚህ ከፍታ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የተባለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ይህን ነፋስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ በጥንቃቄ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦኢሺ ነበር፤ ውጤቱን ኤስፔራንቶ በተባለው፣ ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረ ሰው ሠራሽ ቋንቋ በማሳተሙ በጊዜው ከውጭ ብዙ አንባቢ አለማግኘቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ወደ ሳንቲያጎ ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዎታል፤ ሲመለሱ ከፊት ይገጥምዎታል። በጉዞዎ ላይ እንየው። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም፤ ጎማውን የያዘው ሽብልቅ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚንቀሳቀስበት ጀምሮ ሌላኛው አገር መቆሚያ ላይ እስኪቆም ያለው ነው፤ የብሎክ ሰዓት እንለዋለን። የእርስዎ የመሄጃ ብሎክ ሰዓት 12 ሰዓት ከ30 ደቂቃ፣ የመመለሻው 14 ሰዓት ነው። ከሁለቱም ላይ በመሬት ላይ ለሚሄደው ግማሽ ሰዓት ብንቀንስ፣ ሲሄዱ በአማካይ በሰዓት 945 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለሱ 840 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የፍጥነቱ ልዩነት ከነፋስ የመጣ ነው፤ ሞተሩ በሁለቱም መንገድ ያው ነው።

ነፋስ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ከኒው ዮርክ የተነሳ ቦይንግ 747 በማዕበል ነፋስ ተገፍቶ ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር፤ በዚያ መስመር የተለመደው የመርሐ ግብር ጊዜ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ የሚደረገው በረራም ጥሩ ምሳሌ ነው። በሉሉ ላይ ያለው ርቀት 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አጭሩ መስመር በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያልፋል፤ በረራው ግን ብዙ ጊዜ በሰሜን ፓስፊክ በኩል ረዘም ያለ መንገድ ይዞ ነፋሱን ከኋላው ያደርጋል፤ ወደ 19 ሰዓት የሚጠጋው ጉዞ የሚያጥርለት በዚያ ነው። በእርስዎ መስመር ደግሞ ከሳንቲያጎ ሲመለሱ አንዳንድ ቀን ከነፋሱ ቀበቶ ለማምለጥ ሲባል መንገዱ ከታላቁ ክብ ይበልጥ ወደ ደቡብ ሊወርድ ይችላል። ቀኑ ከጠራና በግራ በኩል ባለ መስኮት አጠገብ ከተቀመጡ በረዶ የለበሰ ባሕር ሊታይዎት ይችላል።

ሌላው መንገዱን የሚወስነው የመጠባበቂያ ማረፊያ ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት በቀረው ሞተር በተፈቀደለት ደቂቃ ውስጥ የሚደርስበት ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። ወሰኑ በቀደመው ጊዜ 60 ደቂቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 እስከ 120 ደቂቃ መፍቀድ ተጀመረ፤ ዛሬ ለቦይንግ 787 እስከ 330፣ ለኤርባስ ኤ350 እስከ 370 ደቂቃ ሊፈቀድ ይችላል። በደቡብ ፓስፊክ ማረፊያ የሚሆን ቦታ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የአውስትራሊያው ካንታስ በዚህ መስመር ላይ ለዓመታት ባለ አራት ሞተሩን ቦይንግ 747 አሰማርቶ ነበር።

የተዘጋ የአየር ክልልም አለ። ይህ የእርስዎን መስመር አይነካም፤ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሩሲያ ሰማይ ለብዙ አየር መንገዶች በመዘጋቱ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በ9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርስ የነበረው በረራ ወደ 13 ሰዓት ረዝሟል። ሁለቱ ከተሞች ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ርቀታቸውም ያው ነው።

ምላሽ፦ ብዙ ተጓዥ

ስለ ሰዓቱ ልጨምር። ቲኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን በቀጥታ መቀናነስ ትርጉም የለውም። ሲድኒ ከሳንቲያጎ አብዛኛውን ዓመት በ14 ሰዓት ትቀድማለች፤ በመሀል የቀን መለወጫው መስመር አለ። እኩለ ቀን ላይ ሲነሱ በሳንቲያጎ ገና ያለፈው ቀን 22፡00 ነው፤ በዚያ ላይ 12 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ሲጨመር 10፡30 ይሆናል።

ማንኛውም ሰው የሰዓት ቀጠናን ሳያውቅ እውነቱን የሚያገኝበት አንድ ዘዴ አለ። የመሄጃውንና የመመለሻውን የቲኬት ልዩነት ይደምሩ፤ በአንዱ መንገድ የተቀነሰው ሰዓት በሌላው ስለሚጨመር የቀጠናው ልዩነት ይጣፋል። የእርስዎ መሄጃ ከዜሮ በታች 1 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 28 ሰዓት ነው፤ ድምሩ 26 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ለሁለት ሲካፈል 13 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። 11,340ን ለ900 አካፍለው በመሬት ላይ ለሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ቁጥር፣ 13 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ያህል፣ ያገኛሉ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ሁለቱም በረራዎች ቀጥታ ከሆኑና በመሀሉ የትኛውም አገር ሰዓቱን ካልቀየረ ብቻ ነው። ሁለቱም ከተሞች የበጋ ሰዓት ይጠቀማሉ፣ ማለትም በበጋ ወራት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ ቺሊ በሴፕቴምበር መጀመሪያ አካባቢ ስትቀይር ሲድኒ ግን እስከ ኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ስለምትቆይ በእነዚያ ሳምንታት ልዩነቱ 13 ሰዓት ይሆናል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሐኪማቸውን አስቀድመው ማማከርዎ አይቀርም። እኔ አባቴን ይዤ ስጓዝ ያደረግሁትን ግን ልንገርዎ፤ አንድ የእጅ ሰዓት በመነሻው ከተማ ሰዓት ላይ ትቼ እስከምንደርስ አልነካሁትም። ስልክ በራሱ ሰዓቱን ስለሚቀይር ለዚህ አይታመንም። እንዲያውም በመጀመሪያው ጉዟችን በስልኩ ማንቂያ ተማምኜ፣ ካረፍን በኋላ ማንቂያው በአዲሱ ሰዓት ጮኾ አንዱን ክኒን ያለ ጊዜው ልሰጥ ስል አባቴ ራሳቸው ናቸው ያስቆሙኝ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በረራው ቢዘገይ የሚበቃ ትርፍም ይያዙ።

መንገደኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ክሩን በሉል ላይ ሞክሬው ወደ ደቡብ ሲንሸራተት በዓይኔ አየሁት። አንድ ነገር ግን ይቅርታ አድርጋችሁ አብራሩልኝ። ወደ ምዕራብ መብረር የሚረዝመው ምድር ከሥሩ ስለምትዞር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እውነት ነው? ደግሞስ ነፋሱ ሲሄዱ የሚረዳውን ያህል ሲመለሱ የሚጎዳ ከሆነ በደርሶ መልስ አይቻቻልም?

ምላሽ፦ የበረራ ዕቅድ አዘጋጅ

የምድር መዞር በቀጥታ አያገባውም። በሲድኒ ኬክሮስ መሬቱ ወደ ምሥራቅ በሰዓት ወደ 1,380 ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ አየሩ አብሮ ባይዞር ኖሮ 900 የሚበርር አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ የሚገኝ ከተማ ላይ ከቶ ሊደርስ ባልቻለ ነበር፤ ባለበት የሚንሳፈፍ ሄሊኮፕተርም ሳይንቀሳቀስ ምዕራብ በደረሰ ነበር። አየሩ ከምድር ጋር ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት ያንኑ ዙረት ይዞ ነው የሚነሳው። የምድር መዞር የሚገባበት በተዘዋዋሪ ነው፤ ከሞቃታማው ቀበቶ ወደ ዋልታ የሚሄደውን አየር ወደ ምሥራቅ የሚያጥፈው እርሱ ስለሆነ፣ የከፍታው ነፋስ ከምዕራብ እንዲነፍስ ያደርጋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግሩም ነው፤ መልሱም አይቻቻልም ነው። ርቀቱ 7,200 ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት 900፣ ነፋሱ 100 ነው እንበል። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 16 ሰዓት ነው። ነፋስ ሲኖር መሄጃው በ1,000 ፍጥነት 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ መመለሻው በ800 ፍጥነት 9 ሰዓት ይሆናል፤ ድምሩ 16 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ነፋሱ በሚጎዳበት አቅጣጫ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆዩ የሚያጡት ከሚያተርፉት ይበልጣል። ዕቅድ አዘጋጅ ሲመለስ ሌላ መንገድ የሚፈልገውም ለዚሁ ነው።

መንገደኛዋ

አሁን ገባኝ። ጉዟችን ጁላይ ውስጥ ስለሆነ ልዩነቱን 14 ሰዓት አድርጌ፣ አንዱን ሰዓት በሲድኒ አቆጣጠር እንዳለ ትቼ ሠራሁት። እናቴ መድኃኒቱን የሚወስዱት በሲድኒ 06፡00፣ 14፡00 እና 22፡00 ላይ ነው። ስንሄድ በዚያ ሰዓት ከ12፡00 እስከ 00፡30 አየር ላይ ስለምንሆን የ14፡00ውና የ22፡00ው እዚያው ይወሰዳሉ፤ ቀጣዩ በሳንቲያጎ 16፡00 ላይ፣ ካረፍን በኋላ ይሆናል። ስንመለስ ሰኞ 13፡00 የተባለው በሲድኒ ማክሰኞ 03፡00 ስለሆነ፣ እስከ 17፡00 ባለው ውስጥ የ06፡00ውና የ14፡00ው ይወድቃሉ። በሁለቱም አቅጣጫ አየር ላይ የሚወሰደው ሁለት ሁለት ክኒን ብቻ ነው። ስሌቱን ለሐኪማቸው አሳይቼ በዚሁ እንሄዳለን።